አምስት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት

አምስት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት… በሰማያዊው ሳህን፣
እገፋለሁ ክኒን።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፍሩትላንድ ከተማ፣ ከባንኮኒው ኋላ፣
ስንቱን ሕመም ቆጠርሁ በዚች ዱልዱም ቢላ።

ከፋርማሲው ወዲያ፣ ከሽንኩርቱ መጋዘን ባሻገር፣
እባብ የሚሉት ወንዝ አለ፣ የሚሄድ ሳይናገር።
ወዲያ ማዶ ኦሪገን፣ ወዲህ አይዳሆ ነው፤
ድልድዩን ለመሻገር አንድ ዘፈን አያልቅም፣ ሬዲዮ ለከፈተው።
ሰዓታችን አንድ ነው፣ ዝናባችን አንድ፤
አቧራው ሲነሣም አይመርጥም መንገድ።
ሕጉ ግን ሁለት ነው።
እዚያ በመስታወት፣ በመብራት፣ ዋጋ ተለጥፎበት የሚሸጥ ቅጠል፣
እዚህ ኪስ ውስጥ ሲገኝ እጅ ያሳስራል።
ቅጠሉ አልተለወጠ፤
ውሃው መሃል ላይ ነው ስሙ የተገለበጠ።

ማይቴ ኤቼቬሪያ፣ የበግ አርቢ ልጅ፣
ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ወገቧ የማይበጅ፣
በየወሩ ትመጣለች፤ ኦክሲኮዶን፣ ዘጠና ፍሬ፣
ሐኪሙ ፈርሞበት፣ መንግሥት አውቆት፣ እኔው በእጄ ቆጥሬ።
ባለፈው መስከረም ግን፣ ዐይኗ እንቅልፍ ጠግቦ፣ ቆማ ያለ ምርኩዝ፣
«ሠላሳው ይበቃኛል» አለች፤ «ሌላውን ሰርዝ።»
አልጠየቅኋትም። ኮቷ ኪስ ውስጥ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ፤
ከማዶ እንደ መጣ ገባኝና ዝም አልሁ።
ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ። አሸግሁ።

ቅጠሉን ማወደስ ግን አይሆንልኝም፤
የእኅቴን ልጅ ሚልክያስን አልረሳሁትም።
ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የቅጠሉን ሙጫ ሲስብ ከረመ፣
አንድ ሌሊት ግድግዳው ጠራኝ ብሎ፣ እስኪነጋ ፊት ለፊቱ ቆመ።
«ለልጅ አይሸጥም» ይላል የሱቁ በር፣ በደማቅ ቀለም፤
በር ግን አጎት አይደለም።
ኦሪገንም አንድ ሰሞን ዕፁን ሁሉ «መያዝ ወንጀል አይደለም» ብላ፣
ቅጠሉን አስቀርታ በሌላው ቃሏን አጠፈች፣ እንደ ነጠላ።
የቸኮለም አየሁ፣ የዘገየም አየሁ፤
እኔ በመሃሉ እየቆጠርሁ አለሁ።

ጥር ወር ነው፤ ማታ፤ በረዶ እየጣለ፣
ማይቴ ስትመለስ፣ የኋላ መብራቷ አንዱ አልበራ ስላለ፣
ከድልድዩ እግር ሥር፣ ከእኛ ወገን፣ አስቆማት ኮልተን፣ ወጣቱ ፖሊስ፤
ጆሮውን ባመመው ጊዜ ሽሮፕ የሰጠሁት፣ ትናንት፣ ሲያለቅስ።
ቆርቆሮዋን ከፈተ፤ ዐሥራ አንድ ከረሜላ፣ ስኳር የለበሱ፣
ቢጫና ቀይ፣ ለልጅ ልደት የተደገሱ።
«እመቤቴ፣ አዝናለሁ» አለ፤ እውነትም አዝኖ ነበር፤
ቢሆንም ጻፈባት፤ ብዕሩ በብርድ ሲያስቸግር።

በአገሬ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሯጭ ይቆማል፣ ዱላ ይወርዳል፤
ይህን ስትነግረኝ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ፣ ጉሮሮዬ ላይ ይንገዳገዳል፦
የማዶው ነው አምላክ? የወዲህኛው ነው?
ወይስ አንዱ አምላክ፣ ወንዙ መሃል ቆሞ እግሩ የቀዘቀዘው?

ዛሬ ማለዳ መጣች፣ በምርኩዝ። ቅጣቱን ከፍላለች።
«እንደ ድሮው» አለች።
ሌላ አልጨመረች።
ኮምፒውተሩ «ተፈቅዷል» ይላል፤
አረንጓዴ ሆኖ፣ ልክ እንደ ቅጠል።

ሰባ አምስት፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት…
አንዷ ፍሬ ከሳህኑ አምልጣ ወለሉ ላይ ስትንከባለል፣
እስክትቆም ድረስ ሁለታችንም አየናት።
ጎንበስ ብዬ አነሣሁና፣ በሕጉ መሠረት፣
ጣልኋት።
ሌላ ቆጠርሁላት።